ለአውቶቡስ ወንበር የሚሆን ታብሌት

ፀጋአብ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ክርኖቹን ከጎኑ ጋር አጣበቀና "ጠጋ በል" አለ።

ከማል ጠጋ አለ።

"አሁንም ጠጋ በል። ከአጅማን የሚነሳ አውቶቡስ ነው። ሞልቷል።"

"አቦ፣ ሱቅ ውስጥ ነን፤ ሰው ያየናል" አለ ከማል። ቢሆንም ትከሻውን ፀጋአብ ትከሻ ላይ ጣለ፤ እንደ ተሳፋሪም ጉልበቱን ከፈተ።

ፀጋአብ ትልቁን ታብሌት ጭኑ ላይ አስተኛው። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን የፒያኖ ቁልፎች በሁለት እጁ ሲነካ ግራ ክርኑ የከማልን ሆድ ወጋ። ትልቁን አስቀምጦ ትንሹን አነሳ። በትንሹ ክርኑ ከጎኑ አልተላቀቀም። ጣቶቹ ግን ተጨናነቁ፤ አንዱን ቁልፍ ሲፈልግ ሁለቱን ነካ።

"ሰው ታብሌት ሲገዛ ስክሪን ያያል፣ ካሜራ ያያል" አለ ከማል። "ክርን የሚለካ ዛሬ አየሁ።"

ሱቁ ዱባይ፣ ናይፍ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ያገለገሉ ስልኮችና ታብሌቶች ይሸጡበታል። ከማል ተቀጣሪ ነው። የቡታጅራ ልጅ ነው፤ አማርኛ የሚናገር ደንበኛ ሲመጣ ከባንኮኒው ጀርባ ይወጣል። በዚያ እሑድ ከሰዓት ሁለቱን ታብሌቶች ለፀጋአብ አውጥቶ ሰጠውና ሌሎች ደንበኞችን ለባልደረባው ተወ።

ትልቁ ሚሞሪው ሰፊ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ድምፅ ይይዛል። የኤርፎን ቀዳዳ ግን የለውም። ከማል ገመድ የሌለው ኤርፎን አቀበለው። ፀጋአብ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ አንድ ቁልፍ ነካ። ጣቱ ወረደ፤ ድምፁ ዘግይቶ መጣ። መዘግየቱ ትንሽ ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም። ከበሮ ለሚመታ ግን ሁሉ ነገር ነው።

"ማገናኛ ገመድ አለ" አለ ከማል።

"የት ነው የሚሰካው?"

"ቻርጀሩ ቦታ።"

"እና ቻርጅ ሳደርግ በምን እሰማለሁ?"

ከማል ወደ ትንሹ ታብሌት ጠቆመ። የሁለቱም ባትሪ ያገለገለ ነው፤ ፓወር ባንክ ሳይሰኩ ከአጅማን ዱባይ እንደማያደርስ ራሱ ነግሮታል።

ትንሹ የኤርፎን ቀዳዳ አለው። ጣት ሲወርድ ድምፁ እዚያው አለ። ክርን እንደ ትልቁ አይወጋም። ችግሩ ሚሞሪው ነው።

"ጠባብ ነው" አለ ከማል። "ዋላሂ አሁን ልንገርህ፤ ኋላ ሙሽኪላ አለ፣ ችግር አለ ብለህ እንዳትመጣብኝ።"

"ለአንድ መዝሙር ነው የምፈልገው።"

"ሁሉም ለአንድ ነገር ነው እያለ ነው የሚገዛው።"

ፀጋአብ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። አንዱን ያስቀምጣል፤ መልሶ ያነሳዋል። በመጨረሻ ትንሹን ወሰደ።

"በዚህ ሳምንት ከመለስከው በትልቁ እለውጥልሃለሁ" አለ ከማል። "ከዚያ በኋላ ኸላስ፣ አለቀ።"

ፀጋአብ የሆሳዕና ሰው ነው። ኪቦርድ መጫወት የተማረው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አገር ቤት ሳለ ለሁለት መዘምራን ቅንብር ይሠራ ነበር። ወደ ዱባይ ሲመጣ ኪቦርዱን ለወንድሙ ተወለት። አሁን አል ቁዝ ውስጥ በኤሲ መለዋወጫ መጋዘን ይሠራል። የሚያድረው አጅማን፣ አል ራሺዲያ ነው፤ ኪራዩ እዚያ ይቀላል። ክፍሉ ቤድ ስፔስ ነው፤ የሚከራዩት አልጋ ብቻ ነው። አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ በማንኛውም ሰዓት የተኛ ሰው አይጠፋም። መብራት ማብራት ያጣላል። ስልክ ማውራት ያጣላል። አንድ ጊዜ የትራሱን ጠርዝ በጣቱ ሲመታ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው የፓኪስታን ሰው ወርዶ እጁን ያዘው።

ስለዚህ የራሱ የሚለው ጊዜ መንገድ ላይ ያለው ብቻ ነው። ከአጅማን አውቶቡስ፣ ከዚያ ሜትሮ፣ ከዚያ ደግሞ አል ቁዝ የሚገባ አውቶቡስ። ማታም ያው።

የሚጸልይበት ማኅበር ዱባይ ውስጥ አንድ ሆቴል ሥር ያለ አዳራሽ ይከራያል። ኪቦርድ የነበረው ወንድም ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ኪቦርዱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መዘምራኑ የሚዘምሩት ተቀናብሮ በተዘጋጀ ሙዚቃ ነው። የመዘምራኑ መሪ እህት ከበቡሽ ትባላለች፤ ሞግዚት ናት፤ ሁለት የሰው ልጆች አሳድጋ ሦስተኛውን ይዛለች። የሐዊን መዝሙር በድምፅ መልእክት ለፀጋአብ ያስተላለፈችው እሷ ናት።

ሐዊ ሻርጃ ውስጥ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነች። የነቀምት ልጅ ነች። ኮንትራቷ እያለቀ ነው፤ አገሯ ልትገባ ነው፤ አትመለስም። እዚህ በቆየችባቸው ዓመታት አዳራሹን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ስብከቱን የምትከታተለው ልብስ እየተኮሰች በስልክ ነው፤ አንዱ ጆሮዋ ስልኩ ላይ፣ ሌላው ደረጃው ላይ። መዝሙሩን ግጥሙንም ዜማውንም የሠራችው ራሷ ናት። አሠሪዋ ማዳም፣ ሐዊ ከመሳፈሯ በፊት ያለውን እሑድ እለቅላታለሁ ብላለች። በዚያ እሑድ በሰው ፊት ትዘምረዋለች። ሌላ እሑድ የላትም።

"አንተ ልጅ" አለችው ከበቡሽ። "ልጅቷን ያለ ሙዚቃ እንዳታስቆማት። አራት ዓመት ሙሉ ያሰበችው ነገር ነው።"

"አላስቆማትም" አለ ፀጋአብ። ታብሌት መፈለግ የጀመረው በማግስቱ ነበር።

የሐዊ መልእክት ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ከማሽኑ ሥር ድምፅዋ አለ፤ ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ ወደ ውስጥ የሚሄድ። ፀጋአብ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ሰማው። ድምፁን ወደደው። ሴት እንዲህ ዝቅ ብላ ስትዘምር ሰምቶ አያውቅም። ክራሩን ከእሷ በታች አደርገዋለሁ፣ ማሲንቆውን ከኋላ አመጣዋለሁ ብሎ አሰበ። ዘማሪዎች ቶን የሚሉትን፣ ዜማው የሚነሳበትን ከፍታ፣ ከዚያ መልእክት ላይ ወሰደ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በስጋት አሳለፈው። ባትሪው ሳይጨርስ ጠፋ፤ ፓወር ባንክ ለወጠ። አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ ታብሌቱ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር፤ ከኋላው የጫማ ክር አሰረበትና አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ትልቁን ብወስድ ይሻል ነበር ይላል፤ ጠዋት። ማታ ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው ስፋት ያይና ደግ አደረግሁ ይላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሚሞሪው ገና ግማሽ ነበር። ወደ ናይፍ አልተመለሰም።

አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ባዩ ነው። ባዩ የጎጃም ሰው ነው፤ ዴይራ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነው። ከአንድ ፌርማታ ስለሚሳፈሩ ወንበር ይያያዛሉ። ታብሌቱ በወጣ በሁለተኛው ቀን ባዩ ሳይጠይቅ አንዱን ኤርፎን ነቅሎ ጆሮው ውስጥ ሰካ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ጎኔን ለምትወጋበት ቀረጥ ነው።"

ፀጋአብ ሥራውን ቀጠለ። ባዩ እስከ ሻርጃ መግቢያ አዳመጠ።

"መዝሙር ነው እንዴ?"

"መዝሙር ነው።"

"የእናንተ?"

"የእኛ።"

"እኔ ተዋሕዶ ነኝ" አለ ባዩ። "የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን እላለሁ? አውቶቡስ ውስጥ ተጠመድኩ ልበላቸው?" ኤርፎኑን ግን አላወጣም።

ሌላው ተሳፋሪ የሻርጃን መጨናነቅ ሲረግም ፀጋአብ መንገዱ እንዳይከፈት ይመኝ ነበር። መኪናው ሲቆም እጁ አይናወጥም። ሲቆም ብዙ ይሠራል። መንገዱ የተከፈተ ቀን ከበሮውን ሳይጨርስ ይደርሳል፤ መጋዘኑ ውስጥ ሳጥን እያነሳ ጣቱ ካርቶን ላይ ይመታል። የሂሳብ ሠራተኛው አንድ ቀን "ምን ሆነሃል፣ ሹግል፣ ሥራ ላይ ነህ እኮ" አለው። ሹግል ላይ አልነበረም። ከክራሩ ሦስተኛ ሐረግ ላይ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ታብሌቱ አልቀበልም አለ። ሚሞሪው ሞልቷል።

ክራሩንና ማሲንቆውን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ነበር የላከለት። ጓደኛው እውነተኛ ክራር አስመትቶ አንድ በአንድ የቀዳቸው ድምፆች ናቸው፤ ጥሩ ናቸው፤ ከባድ ናቸው። ታብሌቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ፀጋአብ ጻፈለት፤ ጓደኛው መለሰ። ክራሩን ጨርስ፣ የተጫወትከውን ሁሉ ወደ አንድ ወጥ ድምፅ አዋሕደው፣ ከዚያ የክራሩን ድምፆች አጥፋና ማሲንቆውን ጫን። ግን እወቅ፣ ካዋሐድከው በኋላ ሲሚንቶ ፈሰሰ ማለት ነው። ቶን አትለውጥም። ፍጥነት አትለውጥም።

ፀጋአብ ለብዙ ቀናት አላጠፋም። ታብሌቱን ከፍቶ ያያል፤ ይዘጋል።

"ዛሬም ቀረጥ የለም?" አለ ባዩ። "ጎኔ በነፃ ተወጋ?"

"አንድ ነገር ልወስን ነው።"

"ሚስት ልታገባ ነው?"

"ክራር ላጠፋ ነው።"

"ክራር ማጥፋት የሚፈራ ሰው ሚስት አያገባም" አለ ባዩ።

"ቶኑ ልክ መሆኑን ማወቅ አለብኝ።"

"እስቲ አሰማኝ።"

ፀጋአብ ከፈተለት። ባዩ ዜማውን በቃሉ ይዞት ነበር፤ ከክራሩ ጋር በዝግታ ማንጎራጎር ጀመረ። ሳይቸገር ወጣ፣ ሳይቸገር ወረደ። ፊት ያለችው ፊሊፒናዊት ዞር ብላ አየችው።

"ልክ ነው" አለ ባዩ። "ለእኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው።"

ፀጋአብ ሳቀ። ከዚያ ለሐዊ መልእክት ላከ። "እህት ሐዊ፣ ክራሩ ይኸው። አብረሽ ዘምሪበትና ላኪልኝ። ቶኑ ካልተመቸሽ አሁን ንገሪኝ፤ ኋላ አይለወጥም።"

መልስ አልመጣም።

በሁለተኛውም ቀን አልመጣም። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ጋ አይደወልም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስልኩ በማዳም ፊት ቢጮህ ጥያቄው ብዙ ነው። መልእክት ይላካል፤ ይጠበቃል። ፀጋአብ ጠበቀ። መልእክቱ እንዳልተከፈተ በየፌርማታው ያይ ነበር። ስልኳን ወስደውባት ይሆናል። እሑዷን ከልክለዋት ይሆናል። ቀድመው አሳፍረዋት ይሆናል። ከበቡሽን ጠየቃት፤ ከበቡሽም አልሰማችም። "ጸልይ" አለችው፤ ከዚያም "ሥራህን ደግሞ ሥራ" አለችው።

መልሱ የመጣው አውቶቡሱ አል ናህዳ ሲደርስ ነው። ፀጋአብ ኤርፎኑን በጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ።

"ወንድም ፀጋአብ፣ ይቅርታ" አለች ሐዊ። ድምፅዋ ከበፊቱም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ማሽኑም አይሰማም። "የማዳም እናት ታመው እዚሁ መጥተዋል። የሚተኙት እኔ ልብስ ከማጥብበት ላውንድሪ በላይ ነው። ማሽን እንኳ ቀን ብቻ ነው የምናስነሳው። ስልክ ማንሳት አልቻልኩም። ይኸው ዘመርኩበት።"

ከዚያ ዘመረች። በክራሩ ላይ አንድም ቦታ አልሳተችም። ከታችኛው ድምፅ ላይ ስትደርስ እንኳ አልጎደለባትም። ሲያልቅ "ልክ ነው፤ ይመቸኛል" አለች። "እሑዱን ማዳም አልረሳችውም። ያላ፣ ጨርሰው በቃ።"

ባዩ አንዱን ኤርፎን ይዞ ሁሉንም ሰምቷል። "ምስክር ነኝ" አለ። "ይመቸኛል ብላለች።"

ፀጋአብ አዋሐደው። ታብሌቱ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ የክራሩን ድምፆች አጠፋ። ዱባይ እስኪገቡ ጭንቀቱ ለቀቀው፤ ሜትሮው ውስጥ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው።

ማሲንቆውን ጫነ፤ ሠራው፤ አዋሐደው፤ አጠፋው። ባስ ጊታሩን እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ታብሌቱ ውስጥ የቀረው አንድ ወጥ ቅንብርና የሙዚቃ መሥሪያው አፕ ሲገዛ ይዞት የመጣው ተራ ፒያኖ ብቻ ነበር።

እሑድ ደረሰ።

አዳራሹ የሚከራየው በሰዓት ነው። ከእነሱ በፊት ፊሊፒኖች አሉ፤ ከእነሱ በኋላ ናይጄሪያውያን አሉ። የኋለኞቹ ነጭ ለብሰው ኮሪደሩ ውስጥ ሲሰበሰቡ የማኅበሩ ሰዓት አበቃ ማለት ነው። ሐዊ ቀድማ መጥታ እንድትለማመድ ተነጋግረው ነበር። አልመጣችም። ፀሎቱ ተጀመረ፤ አልመጣችም። ፀጋአብ ታብሌቱን ከድምፅ ማጉያው ጋር በገመድ አገናኝቶ በሩን ያይ ነበር። ባትሪውን ያያል፤ በሩን ያያል። ስብከቱ ምን እንደነበር አያስታውስም።

ስብከቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት በሩን ገፍታ ገባች። ነጠላዋ ከቦርሳ ውስጥ ገና የወጣ ነው፤ እጥፋቱ ይታያል። ለፀጋአብ እንግዳ መሰለችው። በልቡ የነበረችው ሐዊ ትንሽ፣ ቀጭን ልጅ ነበረች። ሴትየዋ ከበቡሽን በምልክት ጠየቀች፤ ከበቡሽ ወደ ፀጋአብ ጠቆመች።

"አሮጊቷ ቁርሳቸውን ከእኔ እጅ ካልሆነ አልበላም አሉ" አለችው ሐዊ እያለከለከች። "እንደምን አደርክ፣ ወንድሜ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃ ጠጪ።"

"ከጠጣሁ ሽንት ቤት ይይዘኛል። አሁን ነው?"

"አሁን ነው" አለች ከበቡሽ፤ ማይኩን እጅዋ ላይ አስቀመጠችላት።

ሐዊ ወደ ፊት ወጣች። ፀጋአብ ቅንብሩን አስነሳ። ክራሩ ገባ፤ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ሲሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ጥሩ ነበር። ሐዊ በቦታዋ ጀመረች።

አልተሰማችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከማጉያው የሚወጣው ትንፋሽ ነው። ኤሲው ከእሷ ይበልጣል። ሕፃናቱ ከእሷ ይበልጣሉ። ፀጋአብ ማይኩን ከፍ አደረገው፤ ማጉያው አፏጨ። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ከበቡሽ ከጎን ሆና በመዳፏ ወደ ላይ ምልክት ሰጠቻት፤ ድምፅሽን አንሺው።

ሐዊ አነሳችው።

ድምፅዋ ሲነሳ ባለበት ቦታ አልጎላም። ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ወደ ላይ፣ ከክራሩ እጅግ ርቆ። ትልቅ ድምፅ ነበር። አዳራሹን ሞላው። ከቅንብሩ ጋር ግን አንድ አልነበረም፤ ሁለት የተለያዩ መዝሙሮች በአንድ ጊዜ የሚዘመሩ መሰለ። ፊት ረድፍ ያለ አንድ ሕፃን ጆሮውን ያዘ። ሐዊ ሰማችው፤ ወደ ታች ልትመለስ ሞከረች፤ ድምፅዋ ጠፋ፤ እንደገና ወጣች፤ ተጋጨ። ቆመች። ዞራ ፀጋአብን አየችው።

ቅንብሩ ብቻውን ቀጠለ።

ጓደኛው አትለውጥም ያለውን ቶን ከፍ ለማድረግ ፀጋአብ መቆጣጠሪያውን ነካው። ክራሩ የልጆች መጫወቻ ሆነ። ማሲንቆው ትንኝ ሆነ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሰው ዝም አሰኘው። በተከፈተው በር ነጭ የለበሱት ሰዎች ኮሪደሩ ውስጥ መሰብሰብ ጀምረዋል።

ቅንብሩን አቆመው።

ሐዊ ማይኩን በሁለት እጅዋ ይዛ ቆማለች፤ ነጠላዋ ከአንዱ ትከሻዋ ወርዷል። ከበቡሽ ፀጋአብን አየችው፤ ያየችበትን ዓይን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሶታል።

"ጀምሪ" አላት ፀጋአብ፤ በአፉ ብቻ።

"ከየት?" አለች ሐዊ በማይኩ። ሰው ሁሉ ሰማት።

"ከፈለግሽበት።"

ሐዊ ማይኩን ዝቅ አደረገችው። አላስፈለጋትም። ያለ ምንም ሙዚቃ ከላይ ጀመረች። ፀጋአብ በትንሹ ስክሪን ላይ ተራውን ፒያኖ ከፍቶ የምትጀምርበትን ድምፅ ይፈልግ ነበር። ቁልፎቹ ጠባብ ናቸው፤ ጣቱ ሁለቱን አንድ ላይ ነካ፤ የተሳሳተ ድምፅ በማጉያው ወጣ። እጁን አነሳ። እንደገና ሞከረ። አገኘው፤ ከቅንብሩ ቶን ከግማሽ ኦክታቭ በላይ ከፍ ይላል። በአንድ ጣቱ የታችኛውን ድምፅ ብቻ ያዘላት፤ እሷ ስትሄድ እሱም ሄደ፤ ስትቆም ቆመ። በአዝማቹ ላይ ከበቡሽ ማጨብጨብ ጀመረች። መዘምራኑ ተከተሉ። በሁለተኛው አዝማች ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ነበር፤ ነጭ የለበሱት ሰዎችም በሩ ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

ሐዊ እስከ መጨረሻው ዘመረችው። አላፈረችም። ፀጋአብ ግን መሬት መሬቱን እያየ ገመዱን ጠቀለለ።

ኮሪደሩ ውስጥ ከበቡሽ አጠገቡ መጣች። "ተባረክ" አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንተ ልጅ፣ በአንድ ጣት ልትጫወት ከሆነ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር?" አለችው።

ሐዊ ታክሲ ትጠብቅ ነበር። ከመምሸቱ በፊት መግባት አለባት። ፀጋአብ አጠገቧ ቆመ።

"ይቅርታ" አለ።

"ለምኑ?"

"ቅንብሩ ዝቅ ያለ ነበር።"

"አዎ፣ ዝቅ ያለ ነበር።"

"ይመቸኛል ብለሽኝ ነበር እኮ፣ እህቴ።"

"ላውንድሪው ውስጥ ይመቸኝ ነበር" አለች ሐዊ። ነጠላዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "አራት ዓመት እዚያ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ዝቅ ብዬ ነው የዘመርኩት። ከፍ የሚለው ድምፄ መኖሩን እንኳ ዛሬ ነው ያወቅኩት። አንተም የት ሆነሽ ነው የምትዘምሪው ብለህ አልጠየቅከኝም።"

"አልጠየቅኩሽም።"

"እኔም አልነገርኩህም። እኩል ነን።" ታክሲው መጣ። በሩን ከፍታ ቆም አለች። "ያ ክራር ግን ያምራል። አታጥፋው።"

ቀድሞ እንዳጠፋው አልነገራትም።

ሰኞ ጠዋት ባዩ ወንበር ይዞ ጠበቀው። ኤርፎኑን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

"እንዴት ሆነ?"

ፀጋአብ ነገረው። ባዩ ሳይስቅ አዳመጠ። አውቶቡሱ ሻርጃ መግቢያ ላይ ቆመ፤ ከፊት ያለው መንገድ በመኪና ተዘግቷል።

"ለእኔ የተሰፋ ነው ብዬህ ነበር እኮ" አለ ባዩ። "እኔ ወንድ ነኝ። ለወንድ ልክ የሆነ ለሴት እንዴት ልክ ይሆናል? ያኔ መጠርጠር ነበረብህ።"

"አንተስ ለምን አልጠረጠርክም?"

"እኔ ቀረጥ ሰብሳቢ ነኝ።"

ፀጋአብ ታብሌቱን ከፈተና ቅንብሩን አስነሳለት። ባዩ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮ አንጎራጎረ፤ አንድም ቦታ አልሳተም።

ሐዊ በዚያው ዕለት ማታ ተሳፈረች። በሳምንቱ ከነቀምት የላከችው የድምፅ መልእክት እጅግ ጮክ ያለ ስለነበር ፀጋአብና ባዩ ሁለቱም ኤርፎኑን ከጆሯቸው ነቀሉ።